ያገለገለ ካሜራ ጉዞ፤ ከሱቅ መስኮት እስከ ኢንተርኔት ሐራጅ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1943 በናይሮቢ ተወልዶ በዳሬሰላም ያደገው መሐመድ አሚን የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ካሜራዋ ቦክስ ብራውኒ የምትባል፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞባት የተሸጠች ሣጥን መሰል ዕቃ ነበረች። የኮዳክ ኩባንያ የብራውኒን ዘር በ1900 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋዋ አንድ ዶላር ብቻ ስለነበር ፎቶግራፍ ማንሳትን ከባለጠጎች እጅ አውጥታ ለተራው ሰው ያደረሰች ካሜራ መሆኗ ይታወቃል። ያ ልጅ አድጎ በጥቅምት 1984 በኮረም የቀረጸው የረሃብ ፊልም ዓለምን አስለቅሶ እርዳታ አስነሣ። ያችን ካሜራ የሸጠው ሰው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። የማይጠቅመውን ዕቃ ሸጠ፤ ገንዘቡን ተቀበለ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

ያገለገለ ካሜራ ታሪክ እንዲህ ያለ ነው። ለአንዱ ያረጀው ለሌላው መጀመሪያ ይሆናል። ታዲያ ይህ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገርበት መንገድ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ተለውጧል። የለውጡን ምክንያትና ውጤት መመርመር ስለ ካሜራ ብቻ ሳይሆን ስለ መተማመንም ብዙ ያስተምራል።

ከባንኮኒው ፊት

ሐራጅ የሚለው ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን፣ ዛሬ ቃሉ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በባንክ ዕዳ የሚሸጥ ቤትና መኪና ነው። ያገለገለ ካሜራ ግን ለረጅም ዘመን በሐራጅ ሳይሆን በሱቅ መስኮትና በጋዜጣ ማስታወቂያ ሲሸጥ ኖሯል። ገዢው በባንኮኒው ፊት ቆሞ ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩን ያያል። መዝጊያውን በአንድ ሰከንድ ፍጥነት ከፍቶ ድምፁን በጆሮው ያዳምጣል። የጀርባውን ክዳን ገልጦ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ መበስበስ አለመበስበሱን በጣቱ ይነካል።

ይህ አሠራር ለገዢው ዋስትና ነበር፤ ሻጩን ግን ይጎዳው ነበር። የሟች ባሏን ካሜራ ይዛ የመጣች ሴት የዕቃውን ዋጋ የምትሰማው ከባለሱቁ አፍ ብቻ ነው። ባለሱቁም መልሶ የሚሸጥበትን ትርፍ አስቀድሞ ቀንሶ ይነግራታል። በአንድ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያውቁ ሱቆች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ፣ ዋጋውን የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ ማለት ነው።

የተሰበረው ብርሃን ጠቋሚ

በመስከረም 1995 መጀመሪያ፣ በፓሪስ ከኢራናውያን ወላጆች የተወለደው የኮምፒዩተር ባለሙያ ፒየር ኦሚድያር በካሊፎርኒያ ኦክሽንዌብ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። በገጹ ላይ መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር ብርሃን ጠቋሚ ሲሆን፣ በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተገዛ። ኦሚድያር ተገርሞ ገዢው ዕቃው የተሰበረ መሆኑን ተረድቶ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ሰውየው የተሰበሩ ጠቋሚዎችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። ድረ ገጹ በ1997 ኢቤይ የሚለውን ስም ያዘ፤ በ1998ም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ።

ኩባንያው የተመሠረተው ኦሚድያር እጮኛው የከረሜላ መያዣ ጌጦችን እንድትለዋወጥ ለመርዳት ብሎ ነው የሚል ወሬ ለዓመታት በጋዜጦች ሲጻፍ ነበር። ነገር ግን ይህ ታሪክ የጋዜጠኞችን ትኩረት ለመሳብ በኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የተፈጠረ እንደነበር በኋላ ታምኗል። የእውነተኛው ታሪክ ቁም ነገር ከተፈጠረው ይበልጣል። አንድ የማይረባ የሚመስል ዕቃ የትም ቢሆን የሚፈልገው ሰው ይኖረዋል፤ ችግሩ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ካሜራ ለዚህ ገበያ የተፈጠረ ዕቃ ይመስል ነበር። ትንሽና በፖስታ የሚላክ ነው። የሞዴል ስምና የተከታታይ ቁጥር አለው። ብዙ ዓመት ይቆያል። የአንዱ ዘመን ሌንስ በሌላው ዘመን ካሜራ ላይ ስለሚገጥም ፈላጊው አይጠፋም። በ1959 የወጣው የኒኮን ኤፍ ካሜራ የሌንስ መግጠሚያ በመሠረቱ ሳይለወጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መዝለቁ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የጨረታው ስልት

በዚህ ሐራጅ ላይ መዶሻ የሚመታ አጫራች የለም። ሻጩ መነሻ ዋጋና የቀን ገደብ ይወስናል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል። ተጫራቹ ለመክፈል የሚችለውን የመጨረሻ ዋጋ በምሥጢር ያስገባል፤ ኮምፒዩተሩም በእርሱ ስም በጥቂት በጥቂቱ ይጫረትለታል። ለምሳሌ አንዱ እስከ 180 ዶላር፣ ሌላው እስከ 140 ዶላር ለመክፈል ቢወስኑ፣ የመጀመሪያው ዕቃውን የሚወስደው በ180 ሳይሆን ከ140 በጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ ነው። አሸናፊ የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ ቢከፍል ማንም እውነተኛ ግምቱን ለመደበቅ ምክንያት እንደማይኖረው ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ቪክሪ በ1961 ጽፎ ነበር፤ በ1996ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐርፏል።

የሰው ጠባይ ግን ለንድፈ ሐሳብ ሁልጊዜ አይገዛም። ብዙ ገዢዎች ዋጋቸውን ደብቀው ቆይተው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ይወረውራሉ። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልማድ መርምረው፣ የመጨረሻ ሰዓት ጨረታ ሲመጣ ቀነ ገደቡን በሚያራዝመው የአማዞን ሐራጅ ላይ ልማዱ እጅግ አናሳ መሆኑን አሳዩ። ሳምንት ሙሉ ፈላጊ የሌለው መስሎ የቆየ ሌንስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዋጋው እጥፍ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። ሻጩም ልቡ ተንጠልጥሎ ሰዓት ሲቆጥር ያመሻል።

ላም አለኝ በሰማይ

ትልቁ ጥያቄ ግን ዋጋ ሳይሆን እምነት ነበር። ገዢው ያላየውን ዕቃ፣ ከማያውቀው ሰው፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ይገዛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጥናት፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅና ገዢው ሳያውቅ ሲቀር መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ እንደሚያስወጣ አስረድቷል። በዚህ ሥሌት ቢሄድ የኢንተርኔት ሐራጅ ገና ከጅምሩ መፍረስ ነበረበት።

ያዳነው ስም ነው። ኦሚድያር በ1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው በይፋ የሚመሰክሩበትን ገጽ ከፈተ። መንደርተኛ ነጋዴ ስሙ እንዳይጠፋ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ፊቱ የማይታየው ሻጭም ለተጠራቀመለት ምስክርነት መጨነቅ ጀመረ። ይሁንና ይህም ችግር አላጣውም። የተከፋ ገዢ ቅሬታውን ቢጽፍ ሻጩ በበቀል ይመልስበት ስለነበር ብዙዎች ዝምታን መርጠዋል፤ በዚህም ምክንያት ኩባንያው በ2008 ሻጮች በገዢዎች ላይ አሉታዊ ምስክርነት እንዳይሰጡ ከለከለ። ሻጮች በበኩላቸው ሚዛኑ ወደ ገዢው አጋደለ ብለው አምርረው ተቃወሙ።

በካሜራ ንግድ ላይ ማታለል የራሱ ታሪክ አለው። በሶቪየት ኅብረት በካርኪቭ ከተማ ከ1934 ጀምሮ ይመረት የነበረው ፌድ፣ ከእርሱም በኋላ የመጣው ዞርኪ፣ በጀርመኑ ላይካ አምሳል የተሠሩ ካሜራዎች ነበሩ። አታላዮች በእነዚህ ላይ የላይካን ስም እየቀረጹ፣ አንዳንዴም የናዚ ጦር ምልክት እየጨመሩ ለሰብሳቢዎች ሸጠዋል። ጉዳዩን የሚያውቅ ገዢ የመዝጊያውን ቁልፍ ቅርጽ፣ የሌንሱን ቀለበትና የተከታታይ ቁጥሩን በፎቶግራፍ አይቶ ይለያል። ስለዚህ ካሜራን በኢንተርኔት ለመሸጥ ሌላ ካሜራ ያስፈልጋል፤ የሻጩ ሐቀኝነትም የሚለካው ጭረቱን፣ ሻጋታውንና የተላላጠውን ቀለም አቅርቦ በማሳየቱ ነው። ጉድለቱን አስቀድሞ የተናገረ ሻጭ በዋጋ ጥቂት ቢያጣም ስሙን ያተርፋል።

ውድቀትና ትንሣኤ

ዕቃው ወደ ሐራጁ በብዛት የጎረፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን በ1975 አንድ ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ የሚፈጅ የመጀመሪያ ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ነበር። ኒኮን ዲ1 በ1999 ለጋዜጠኞች፣ ካነን 300ዲ በ2003 ከአንድ ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ለሕዝብ ሲቀርቡ የፊልም ዘመን መናወጥ ጀመረ። በ2006 ኒኮን ከጥቂቶቹ በስተቀር የፊልም ካሜራዎቹን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ኮኒካ ሚኖልታ ከካሜራ ሥራ ጨርሶ ወጣ። በ1935 የወጣው ኮዳክሮም ፊልም በ2009 ምርቱ ተቋረጠ። ኮዳክ ራሱም በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ።

በእነዚያ ዓመታት ለብዙ ደመወዝ የተገዙ ካሜራዎች በርካሽ ተሸጡ። ቤተሰቡን በካሜራው ያስተዳደረ ፎቶ አንሺ መሣሪያውን በገጹ ላይ ሲያወጣ፣ የሚያየው የገበያ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የሙያውን ዕድሜ ጭምር ነበር። የተማረው የኬሚካል ቅመማ፣ የጨለማ ክፍል ልምዱ፣ በዓይኑ ብርሃን የመለካት ችሎታው በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ጊዜ ፍርዱን ገለበጠ። ዲጂታል ካሜራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያረጅ፣ ከባትሪ ነፃ የሆነው የ1954ቱ ላይካ ኤም3 ሥራውን ቀጠለ። ኪዮሴራ በ2005 የተወው የኮንታክስ ስም ያለባቸው ትንንሽ የፊልም ካሜራዎች ከዐሥር ዓመት በኋላ ፊልምን እንደ አዲስ ባገኙ ወጣቶች ተፈልገው ዋጋቸው ናረ። በከፍተኛው ጫፍ ደግሞ መቀመጫውን ቪየና ያደረገ የካሜራ ሐራጅ አጫራች ድርጅት በ1923 አካባቢ ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂት ላይካዎች አንዱን በ2012 በ2.16 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሌላውን በ2018 በ2.4 ሚሊዮን ዩሮ ሸጠ። በሰኔ 2022 የላይካ ፈጣሪ ኦስካር ባርናክ ራሱ ይጠቀምበት የነበረው ቁጥር 105 በ14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ቁጥር 105ን ከመሰሎቹ ይህን ያህል ያስበለጠው ብረቱ ሳይሆን የያዘው እጅ ነው።

ከዕቃው ጋር የሚሄደው

እዚህ ላይ የዚህ ገበያ ጥልቅ ጉድለት ይታያል። ሐራጅ ዕቃን ከባለቤቱ ታሪክ ይለያል። በ2007 በቺካጎ የኪራይ ዕዳ ያልተከፈለበት ማከማቻ ውስጥ የነበሩ የሞግዚቷ የቪቪያን ማየር ኔጋቲቮች ለተለያዩ ገዢዎች ተሸጡ፤ ከፊሎቹም በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ መበተን ጀምረው ነበር። ከገዢዎቹ አንዱ የሥራውን ደረጃ ተረድቶ መሰብሰብ ባይጀምር ኖሮ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የመንገድ ፎቶ አንሺዎች አንዷ ስሟ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። እርሷ ግን በ2009 ዐረፈች፤ ዝናዋን አላየችም።

ነገሩ ከአፍሪካ ቀንድም የራቀ አይደለም። ከአጤ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብና ተከታዮቹ ፎቶ ቤቶች የአዲስ አበባን ፊት በመስታወትና በፊልም ላይ አኑረዋል። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የአባት ካሜራ፣ ከጎኑም የኔጋቲቭ ፖስታ ያለበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ካሜራው ገዢ አለው፤ በልዋጭም በሐራጅም ይሄዳል። በፖስታው ውስጥ ያለውን ሰርግና ክርስትና፣ የሞቱትንና የተሰደዱትን ሰዎች ግን ማንም ስማቸውን ጠርቶ አይጫረትባቸውም። ስለዚህ ዕቃው ከመሸጡ በፊት በውስጡ የቀረ ፊልም መኖሩን መመልከት፣ ኔጋቲቩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ በጀርባውም ስምና ዘመን መጻፍ ከዋጋው የሚበልጥ ሥራ ነው።

ካሜራው ራሱ ግን መሄዱ መልካም ነው። በመሳቢያ የተቆለፈ ሌንስ ይሻግታል፤ የማይከፈት መዝጊያ ይደርቃል። ያገለገለች ብራውኒ በአንድ ቤት ብትቀር ኖሮ የማንም ዓይን ባልሆነች ነበር። ተሸጣ ወደ አንድ ልጅ እጅ ገባች፤ ያ ልጅም ኮረም ደረሰ።