ቁልፍ፣ ደወልና ዘበኛ፤ የሕንፃ ጥበቃ ምርመራ አጭር ታሪክ



በሰፈራችን ፎቅ ቤት እየበዛ፣ በየበሩም ጓጉንቸሩ፣ የመስኮት ብረቱ፣ ካሜራውና የጭስ ደወሉ እየተጨመረ መሄዱን ሁላችንም የምናየው ነው። እድር ሰው ከሞተ በኋላ የሚደርስ ማኅበር ነው ቢባልም፣ በቁም መመካከርም የጎረቤት ወግ ስለሆነ፣ ዘንድሮ ስለ ሕንፃ ጥበቃ ታሪክ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቁልፍን እንመልከት። በ1818 ጀረማያ ቸብ የተባለ እንግሊዛዊ አንድ መቆለፊያ አስመዘገበ። ሌባ በሽቦ ሲጎረጉረው ነክሶ ይይዛል፤ ባለቤቱ በገዛ ቁልፉ ሊከፍት ሲል ስለሚያስቸግረው፣ «ለካ ሰው ነክቶታል» ብሎ ያውቃል። ታዲያ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ፣ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ መቆለፊያ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከፈተው። ብራማ የተባለውን ሌላውን ደግሞ፣ ለስልሳ ዓመት ያህል የሚከፍተው ጠፍቶ በሱቅ መስኮት ላይ ሽልማት ተጽፎለት የኖረውን፣ በ51 ሰዓት ሥራ ከፈተው። አለመከፈቱና ጠንካራ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰው ያን ጊዜ ተረዳ።

ቀጥሎ ደወል መጣ። በ1853 አውግስጦስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በርና መስኮት ሲከፈት በኤሌክትሪክ የሚጮህ ደወል አስመዘገበ፤ ኤድዊን ሆልምስም መብቱን ገዝቶ በቦስተንና በኒውዮርክ ንግድ አደረገው። ደወል ግን አንድ ችግር አለው። ዝም ሲል ዝምታው ሰላም ይሁን የባትሪ ማለቅ አይታወቅም። በዚህም ምክንያት በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ በሽቦው ውስጥ እንዲዞር አደረጉ፤ ሽቦው ከተቆረጠ መቆረጡ ራሱ ደወሉን ያስጮኸዋል።

ዘበኛውስ ቢሆን? በ1850ዎቹ በጀርመን አገር ዮሐንስ ቡርክ የዘበኛ ሰዓት ሠራ። በሕንፃው ልዩ ልዩ ቦታ ቁልፎች በሰንሰለት ታስረው ይንጠለጠላሉ፤ ዘበኛው ሲዞር ሰዓቱን ተሸክሞ በየቦታው ያለውን ቁልፍ ያስገባበታል፤ በውስጡ ያለው ወረቀትም ምልክት ይያዝበታል። ጠዋት አለቃው ወረቀቱን አውጥቶ ሲያይ፣ ዘበኛው በስንት ሰዓት የት እንደ ደረሰ፣ ወይም የት እንዳልደረሰ ያውቃል።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ሳለ ምርመራ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ሁለት አሳዛኝ ታሪኮች ያስረዱናል።

አንደኛው በቺካጎ የደረሰው ነው። ኢሮኳይ የተባለው ቲያትር ቤት እሳት የማይበግረው ነው ተብሎ ብዙ የተወራለት፣ ከተከፈተ ገና ከወር ጥቂት ያለፈው አዲስ ቤት ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 ሕፃናትና እናቶች ሞልተውበት ሳለ በመድረኩ ላይ እሳት ተነሣ። እሳቱን ይከልላል የተባለው መጋረጃ ሲወርድ መንገድ ላይ ተያዘ፤ ከመድረኩ በላይ ያሉት የጭስ መውጫዎች ታስረው ነበር፤ ከበሮቹም አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ አንዳንዶቹ በመጋረጃ ተሸፍነው፣ ሌሎቹም ሰው በማያውቀው መቀርቀሪያ የተያዙ ነበሩ። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ዕቃው ሁሉ አዲስ ነበር፤ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ይሠራ እንደሆነ የሞከረው አልነበረም። ለዚያ ቀን ትርኢት ቲኬት ገዝቶ ሥራ የያዘው ካርል ፕሪንዝለር የተባለ የብረታ ብረት ነጋዴ፣ ከጎረቤቱ ከሄንሪ ዱፖንት ጋር ሆኖ፣ በሰውነት ሲገፉት የሚከፈተውን የበር ብረት ሠርቶ በ1908 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየሆቴሉና በየሆስፒታሉ የምናየው እርሱ ነው።

ሁለተኛው መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ የደረሰው ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እሳቱ ሲነሣ የውሃውን ጎማ ስበው ቢከፍቱት ውሃ አልሰጠም። በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ የተቆለፈውም ሠራተኛ ጨርቅ እንዳይሰርቅ ተብሎ ነው። ቁልፉን የያዘው አለቃ በሌላ መንገድ አምልጦ ሄዷል። የውጭው የብረት መሰላልም ተደርምሶ ብዙ ሰው ይዞ ወደቀ። 146 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የኒውዮርክ ሕግ የፋብሪካ በር በሥራ ሰዓት እንዳይቆለፍ፣ ወደ ውጭም እንዲከፈት፣ ሠራተኛውም የእሳት መውጫ ልምምድ እንዲያደርግ አዘዘ።

ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ፣ በፓሪስ የሚገኘውን የኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ያስታውስ። ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ደወሉ በትክክል ጮኸ፤ ነገር ግን ዘበኛው የተላከው ወደ ሌላ ጣሪያ ነበር፤ ስህተቱ እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ባከነ፤ ጣሪያውም ነደደ። መሣሪያው ቢሠራም የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌባ ለመከላከል ያሠራነው የመስኮት ብረትና ማታ ማታ የምንቆልፈው የደረጃ በር፣ በእሳት ጊዜ በእኛው ላይ ይቆለፋል። ስለዚህ በየፎቁ የሚከተለውን ብናደርግ መልካም ነው። በወር አንድ ቀን የጭስ ደወሉን ቁልፍ ተጭኖ ማስጮህ፤ የእሳት ማጥፊያው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ማየት፤ ደረጃውን ከከሰል፣ ከጀሪካንና ከአሮጌ ዕቃ ማጽዳት፤ የመውጫው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈቱን መሞከር፤ ከመስኮት ብረቶችም ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆን ማድረግ። ያየነውንም ቀን ጽፈን ፈርመን በበሩ አጠገብ እንለጥፈው፤ ያልተጻፈ ምርመራ «እገሌ አይቶት ይሆናል» እየተባለ ይቀራልና። ተራውም እንደ ድንኳን ተከላው በየቤቱ ይዙር፤ ዘበኞቻችንም አብረው ይማሩ።

ድንኳናችን በዕድሜ ለጠገቡ አባቶችና እናቶች እንጂ በተቆለፈ በር ኋላ ለቀሩ ልጆች እንዳይተከል አደራ እያልን፣ ለመላው አባላት ጤናና ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።