ፊደልም ሰጠ፣ የሚነበበውንም መረጠ

የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ጌዴኦ ምድር ይወስደናል። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የተጓዘ ሰው እንሰቱና ቡናው በአንድ ጥላ ሥር ተጠጋግተው ማየቱን አይረሳም።

በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ በተባለ ሥፍራ የጌዴኦ ጭሰኞች በባለ ርስቶች ላይ ተነሱ። የለፉበትን ቡና ለሌላ ማካፈል አንገፍግፏቸው ነበር። ጦር ይዘው ጠመንጃ ገጠሙ፤ ብዙዎችም አለቁ። ልጆቻቸው ግን ይህንን በትምህርት ቤት አልሰሙም። የተማሩት የነገሥታትን ታሪክ ነው፣ ያውም በእናታቸው ቋንቋ አይደለም። ይህ ለእኛ ለሙስሊሞችም እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያውያን ሳይሆን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ወላጆች ዛሬም አሉን።

ደርግ ሲመጣ ዱላ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ይህንን ልብ በሉልኝ። በታህሳስ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በሕብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። በየካቲት ወር የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ የጌዴኦ ጭሰኛም ከባለ ርስቱ ተላቀቀ። የእኛም ሦስት በዓላት የሕዝብ በዓል ሆነው ታወቁ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት አባቶቻችን ይህንን ሲሰሙ ደስ ባይላቸው ነበር የሚገርመው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ቋንቋዎቹ ውለው አድረው 15 ሲደርሱ ጌዴኡፋም በግዕዝ ፊደል ተጻፈ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ቻለ። ይህ እውነተኛ ጸጋ ነው፤ አንክደውም።

ነገር ግን ምን ያንብብ? የሚታተመው መንግሥት የፈቀደው ብቻ ነበር። ትናንት ስማቸው ያልተነሳ አመጸኛ ገበሬዎች አሁን በመደብ ትግል ታሪክ ውስጥ ገቡ፤ መንገዱ ሁሉ ግን ወደ አብዮቱ እንዲያደርስ ተደርጎ ተጻፈ። ሚጭሌ ላይ ስለ ቡናቸው ዋጋ የከፈሉት ሰዎች ልጆች የቡናቸውን ዋጋ አሁን መንግሥት ይቆርጥላቸው ነበር፤ ይህ ግን በማንበቢያው ውስጥ አይገኝም። በየትምህርት ቤቱና በየውይይት ክበቡ የሚሰጠው የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ደግሞ እምነትን የኋላ ቀርነት ቅሪት ያደርገው ነበር። በዓሉን የሰጠ እጅ ልጁን በዚህ በኩል ይወስዳል ማለት ነው። ገበሬውን ለማንቃት ከዘመቱት ተማሪዎች መካከል መንግሥትን መጠየቅ የጀመሩ ብዙዎች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ረገፉ። እንዲያስተምሩ ተፈልገው ነበር፤ እንዲጠይቁ አልተፈለጉም።

እነዚያ ገበሬዎች ዛሬ አያቶች ናቸው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል መጻፍና በአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ መሆን ጀመረ። በዘመቻው የተማረ አያት የልጅ ልጁን መጽሐፍ ሲከፍት ቋንቋው የራሱ ነው፤ ፊደሉን ግን አያውቀውም። ሚጭሌን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያነብለታል። ዛሬ ማታ አጠገቡ አስቀምጡትና ጠይቁት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።