የዲኤንኤ ሜቲሌሽን በጡት ካንሰር ምርምርና ከከሚሴ የሚላክ ናሙና

በኢትዮጵያ በሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች በብዛቱ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት በዓመቱ 16 ሺህ 133 ሰዎች አዲስ በበሽታው የተያዙ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት በበሽታው ለህልፈት የተዳረጉት 9 ሺህ 61 እንደሚሆኑ ተገምቷል። አኃዙ ግምት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። በገጠር ቀበሌ በበሽታው የምትሞት እናት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳትሰፍር ልትቀር ትችላለች።

በአንድ ሰው አካል ውስጥ የሚገኙ ህዋሳት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ የዲኤንኤ ጽሑፍ ይዘዋል። የጡት ህዋስ ከጉበት ህዋስ የሚለየው ከጽሑፉ የትኛው ክፍል እንደሚነበብ፣ የትኛውም ተዘግቶ እንደሚቀመጥ በሚወስኑ ምልክቶች ነው። የምልክቶቹ ጠቅላላ ድምር ኢፒጀኖም ሲባል፣ ከነዚህም በስፋት የተጠናው ሜቲሌሽን ነው። ይኸውም አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት ሜቲል የተባለ ቅንጣት ሳይቶሲን በተሰኘው የዲኤንኤ ፊደል ላይ መለጠፉ ነው። ቅንጣቱ በአንድ ዘረ መል መነሻ ላይ ሲበዛ ዘረ መሉ ሥራውን ያቆማል። ፊደሉ ግን እንዳለ ነው። መዝገብ ቤት ለሚያውቅ አንባቢ፣ ፋይሉ ሳይቀደድ በማኅተም እንደ መታሸግ ያህል ነው።

በካንሰር ህዋስ ውስጥ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ፋይንበርግና ቮግልስታይን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1983 እንዳሳዩት በዕጢ ህዋስ ውስጥ ያለው ሜቲሌሽን ከጤናማው ያነሰ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ዕጢን የሚገቱ ዘረ መሎች በተቃራኒው ከልክ በላይ ታሽገው መገኘታቸውን አረጋገጡ። ለአብነትም ቢአርሲኤ1 የተባለው ዘረ መል በውርስ ሳይበላሽ፣ በሜቲሌሽን ብቻ ተዘግቶ የተገኘባቸው የጡት ዕጢዎች አሉ።

ለሕክምናው ይበልጥ የሚቀርበው የኢስትሮጅን ተቀባይ ጉዳይ ነው። ታሞክሲፌን የተባለው እንክብል የሚሠራው ዕጢው ይህን ተቀባይ ሲኖረው ነው። ተቀባይ ከሌላቸው ዕጢዎች በከፊሎቹ ተቀባዩን የሚያስገኘው ዘረ መል በሜቲሌሽን ታሽጎ ተገኝቷል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 352 ታማሚዎች ዕጢ ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2014 የታተመው ጥናት 65 በመቶ የሚሆኑት ተቀባዩ እንዳላቸው አመልክቷል። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ሌላ ጥናትም ሦስቱም የተለመዱ ተቀባዮች የሌሉት የዕጢ ዓይነት በጋናውያን 53 በመቶ ሲደርስ በኢትዮጵያውያን 15 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም ከምዕራብ አፍሪካ የተገኘን ውጤት ለአገራችን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። አብዛኞቹ ታማሚዎቻችን በርካሹ እንክብል ሊጠቀሙ የሚችሉ ናቸው።

ማኅተሙን ማንሳት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ የኢፒጀኖም አርትኦት የተባለውን ዘርፍ አስገኝቷል። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ በ2004 በአሜሪካ ለመቅኔ ሕመም የተፈቀደው አዛሲቲዲን ሜቲሌሽንን የሚቀንሰው ቦታ ሳይመርጥ ነው። አዲሱ ዘዴ ግን ክሪስፐር በተሰኘው ሥርዓት ውስጥ ያለውን ካስ9 የተባለ ፕሮቲን የመቁረጥ ኃይሉን አሳጥቶ በመልእክተኛነት ብቻ ይጠቀምበታል። ፕሮቲኑ ቴት1 የተባለ ኢንዛይም ተሸክሞ ወደተፈለገው ዘረ መል ይሄዳል፤ ኢንዛይሙም ማኅተሙን ያነሳል። እ.ኤ.አ በ2016 በዚህ መንገድ የቢአርሲኤ1 ማኅተም በቤተ ሙከራ በሚራቡ የካንሰር ህዋሳት ውስጥ ተነስቶ ዘረ መሉ ወደ ሥራው ተመልሷል። መሣሪያውን በታማሚዋ አካል ውስጥ ወደ እያንዳንዱ የዕጢ ህዋስ ማድረስ ግን ገና ያልተፈታ ችግር ነው። ለጡት ካንሰር በሆስፒታል የሚሰጥ ሕክምና ነው ማለት አይቻልም።

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከባቲ ወይም ከዳዋ ጨፋ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ የመጣች ሴት በየትኛው መድኃኒት እንደምትታከም የሚወሰነው ከዕጢዋ በተወሰደ ቁራጭ ነው። ቁራጩ እንደተወሰደ ወዲያውኑ በበቂ መጠን አሥር በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ሊገባና ሊለጠፍበት፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ለቀጣዩ ዝግጅት ሊደርስ ይገባል። ከዘገየ የተቀባዩ ምርመራ ያለውን የለም ሊል ይችላል፤ ዲኤንኤውም እየተሰባበረ ለሜቲሌሽን ጥናት የማይመች ይሆናል። ከዞኑ ናሙናውን ፓቶሎጂስት ወዳለበት ሆስፒታል የሚያደርስ ተሽከርካሪ፣ የፎርማሊን አቅርቦትና ውጤቱን ለታማሚዋ በምትረዳው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ የሚያስረዳ ባለሙያ በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ትንንሽ መስመሮች ናቸው። እብጠቱን ቀድማ የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ታማሚዋን ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ የምትልክበት ቅጽ በእጇ ሊኖር ይገባል።