«የነፋስ አቅጣጫ» ወይስ «የነፋስ መነሻ»?

ቂሊንጦ ውስጥ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ፣ ኬሚካል ያፈተለከ እንደሆነ ሠራተኛው «ወደ ነፋሱ አቅጣጫ እንዳይሮጥ» ያዛል። ወዴት አይሩጥ? ነፋሱ ወደሚመጣበት ወይስ ወደሚሄድበት? አንዱ ወደ ዋናው በር፣ ሌላው ወደ ጓሮው አጥር ቢሮጡ ሁለቱም ትእዛዙን አክብረዋል፤ ጭሱን የሚውጠው ግን አንዱ ነው።

ጥፋቱ የ«አቅጣጫ» ነው። አቅጣጫ ስንል ጆሯችን የሚሰማው መሄጃን ነው። የመኪና፣ የጥይት፣ የወንዝ አቅጣጫ ሲባል ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። በስልካችን ላይ «የነፋስ አቅጣጫ፦ ምሥራቅ» ተብሎ ቀስቱ ወደ ምዕራብ ሲያመለክት ስሕተት የሚመስለን ለዚህ ነው። ስሕተት ግን አይደለም። በሜትዎሮሎጂ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት በኩል ነው፤ 90 ዲግሪ ከምሥራቅ የሚመጣ፣ 360 ደግሞ ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ነው። የውቅያኖስ ጅረት በተቃራኒው በመሄጃው ስለሚጠራ ግራ መጋባቱ የኛ ብቻ አይደለም። ሳይንሱ ይህን ያህል ነው፤ የቸገረን ቃሉ ነው።

አንዳንዶች «ምሥራቃዊ ነፋስ» ይላሉ። ክፉ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ማለት ከኢትዮጵያ የሆነ እንደ ማለት፣ «-አዊ» መገኛን ያሳያል። ሆኖም «ምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል» ስንል ያው ምዕላድ ምሥራቅ ላይ ያለውን ይጠቁማል። ስለዚህ ምሥራቃዊ ነፋስ የተባለው ከምሥራቅ የመጣው ይሁን ምሥራቅ ላይ የሚነፍሰው አይለይም። የሐረርጌ አየር ትንበያ ላይ ቢገባ አድማጩን ማምታቱ አይቀርም።

ግእዝን የሚወዱ ደግሞ አዜብንና ሊባን ከመጻሕፍት ያወጣሉ። ሊባ ከግሪክኛ የመጣ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ስም ነው፤ አቴንስ ባለው ባለ ስምንት ማዕዘን የነፋሳት ግንብ ላይ ከተቀረጹት ስምንት ነፋሳት አንዱ እሱ ነው። አዜብም ደቡብ ነው፤ ንግሥተ አዜብ የደቡብ ንግሥት መሆኗን የማያውቅ የለም። ስሞቹ ያምራሉ። ነገር ግን ዛሬ «አዜብ መጣች» ቢባል ሰው የሚጠብቀው እንግዳ እንጂ ነፋስ አይደለም።

በእኔ ሚዛን የሚደፋው «መነሻ» ነው። ምክንያቱም በአማርኛ ነፋስ ይነሣል። አቧራም፣ ማዕበልም እንዲሁ። አውድማ ላይ የቆመ የጎጃም ገበሬ መንሹን ከማንሣቱ በፊት ነፋሱ በየት በኩል እንደተነሣ ያያል። ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ የተወቃውን ወደ ላይ ይበትናል፤ ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል፣ እብቁ ወዲያ ይሄዳል። መነሻውን ቢስት እብቁን የሚለብሰው እሱ ራሱ ነው።

በስምም ቢሆን አገሩ ቀድሞናል። ደቡብ ጎንደር፣ ላይ ጋይንት ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ከተማ ነፋስ መውጫ ይባላል። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ነፋሳት ሲናገር አሥራ ሁለት በሮችን ይቆጥራል፤ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት። ነፋሱ በረከት ወይም ጥፋት መሆኑ የሚለየው በወጣበት በር ነው። እንግዲህ «መውጫ» ለምን አልተመረጠም? ከተማ ውስጥ መውጫ የሚጻፈው በር ላይ ስለሆነ ነው። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ላይ «የነፋስ መውጫ» ተብሎ ቢጻፍ ሰው በር ፍለጋ ይሮጣል።

«መነሻ ካልን ነፋሱ የተወለደበትን ቦታ አያስመስልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አያስመስልም። መነሻና መድረሻ የአውቶቡስ ተራ ቋንቋ ነው፤ ማንም ተሳፋሪ የሁለቱን ልዩነት ያውቃል። «የነፋስ መነሻ፦ ምሥራቅ» ሲባል ጭሱ ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የፋብሪካውም ማስጠንቀቂያ «ነፋሱ ወደሚነሣበት በኩል ሽሹ» ቢል ኖሮ ሥራው አለቀ።

አማርኛ ለሳይንስ አይመችም የሚሉ ሰዎች ቂሊንጦ ካለበት ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ድንበር ተሻግረው የጎረቤቱን ክፍለ ከተማ ስም ያንብቡ። ሽቦ አልባው መገናኛ ሲመጣ የአዲስ አበባ ሰው ማንንም ሳያማክር ነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ላይ አለ። ያ ሰው የነበረው ድፍረት ለእኛ ለምን ያንሰናል?

ትንበያውን የሚያወጣው የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚለጥፉት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ነገ እነዚህን ፋብሪካዎች የሚመሩ መሐንዲሶች የሚማሩበት የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ቂሊንጦ ነው። ልመናዬ ለሦስቱም አንድ ነው፦ «የነፋስ አቅጣጫ» የሚለውን ሰርዙና «የነፋስ መነሻ» ብላችሁ ጻፉ።