የተፈለፈለ ድንጋይ አይመለስም

በውጭ አገር ለመጫወቻ ባቡር ከተማ የሚሠሩ ሰዎች የጥንቱን ሕንፃ ብዙ ጊዜ 87 እጅ አሳንሰው ያበጁታል። እኔም በዚሁ ልክ በላስታ ያለውን የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ለመሥራት ተነሣሁ። ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ አምሳያው 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ።

በመጀመሪያ በካርቶን ሠራሁት፤ የተሳሳተውን ግድግዳ ነቅዬ በሌላ ተካሁት። ሁለተኛውን ግን እንደ አባቶች ከአንድ ለስላሳ ድንጋይ ከላይ ወደ ታች ፈለፈልሁ። መሮዬ አንድ ጊዜ ቢስት የመስቀሉ አንድ ክንድ ተገመሰ፤ መመለሻም አልነበረውም። ከ800 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩት የዛግዌ ዘመን ጠራቢዎች ምን ያህል አስበው መሮ እንዳነሡ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ካርቶን የሚመስል ሥራ አለ፤ ቋጥኝ የሚመስልም አለ። የሰው ስም ከቋጥኙ ወገን ነውና፥ ስለ ባልንጀራህ ከመናገርህ በፊት አስብ።