ሳይሳፈር የቀረው ድምፃዊ

ሰኔ 30 ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ ካርድ የምንቀበልበትና ጓደኛ ከጓደኛው የሚለያይበት ቀን ነው። በ1960 ዓ.ም. በዚያው ዕለት፣ ማለትም ጁላይ 7 ቀን 1968 እሑድ፣ አንድ የአሜሪካ ባንድ ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ተጫወተ። በማግስቱ ሐምሌ 1 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊበር ቲኬቱ ተቆርጧል። የጉዞው ሰዓት ሲደርስ ግን ከአባላቱ አንዱ አልሄድም አለ።

ባንዱ ዘ በርድስ፣ የቀረው ሰው ደግሞ ግራም ፓርሰንስ ይባላል። ለምን ቀረ? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ጥያቄ ዛሬም የሙዚቃ ታሪክ ወዳጆችን ያከራክራል።

በርድስ የተመሠረተው በ1964 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሮጀር መግዊን፣ ጂን ክላርክና ዴቪድ ክሮዝቢ የመጡት ከፎክ ሙዚቃ ነው። ቤዝ ጊታሩን የያዘው ክሪስ ሂልማን ብሉግራስ በሚባለው የገጠር ስልት ማንዶሊን ሲጫወት የኖረ ልጅ ነበር። መግዊን የቢትልሶችን ፊልም ካየ በኋላ ባለ 12 ክር የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛ። በዚህ ጊታር ላይ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጠሩ ሁለቱ በአንድ ምት አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፁም እንደ ትንንሽ ደወል ያቃጭላል። መግዊን በጣቶቹ ላይ የብረት መምቻ ሰክቶ እንደ ባንጆ ይመታው ነበር። የባንዱ መታወቂያ የሆነው ድምፅ ይህ ነው።

በጃንዋሪ 1965 የቦብ ዲላንን «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ሲቀርጹ፣ ከመግዊን በቀር መሣሪያ የተጫወቱት በክፍያ የመጡ የስቱዲዮ ባለሙያዎች ናቸው። ሸክላው በጁን የአሜሪካ አንደኛ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ፒት ሲገር ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ወስዶ ዜማ ያበጀለት «ተርን! ተርን! ተርን!» ያንኑ ደረጃ ያዘ። በ1966 በ«ኤይት ማይልስ ሃይ» የጆን ኮልትሬንን ጃዝና የራቪ ሻንካርን የሕንድ ሙዚቃ ከሮክ ጋር አዋሐዱ። ስልት በተጨመረ ቁጥር ግን ሰው ይጎድል ጀመር። በአውሮፕላን መሄድ የሚያስጨንቀው ክላርክ በዚያው ዓመት ወጣ። በ1967 መግዊንና ሂልማን ክሮዝቢ ቤት ድረስ ሄደው መባረሩን ነገሩት። ድራመሩ ማይክል ክላርክም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ።

ፓርሰንስ የገባው ይህን ክፍተት ሊሞላ ነው። ፌብሩዋሪ 1968 ሲቀጠር ገና 21 ዓመቱ ነበር። ያደገው ጆርጂያ ግዛት ዌይክሮስ በምትባል ከተማ ሲሆን፣ የእናቱ ወገኖች በብርቱካን እርሻ የከበሩ ናቸው። ባንዱ የፈለገው ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ ፓርሰንስ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁሉንም ወደ ካንትሪ ሙዚቃ ወሰዳቸው። በማርች ናሽቪል ውስጥ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው የካንትሪ መድረክ ሲቀርቡ፣ በፕሮግራሙ የተያዘውን ዘፈን ትቶ ለአያቴ ይሁንልኝ በማለት «ሂኮሪ ዊንድ» የተባለውን የራሱን ድርሰት ዘፈነ። አዘጋጆቹ ክፉኛ ተቆጡ። ማይክራፎን ፊት ቆሞ እንኳ ልቡ ያለውን የሚከተል ሰው ነበር።

ወደ ለንደኗ ማለዳ እንመለስ። ሂልማን ለዓመታት እንደተናገረው፣ ፓርሰንስ የቀረው ከእንግሊዙ ባንድ ከሮሊንግ ስቶንስ ሰዎች ጋር መሰንበት ስላማረው ነው። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪዝ ሪቻርድስ ደግሞ ስለ አፓርታይድ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ሲሰማ አልሄድም አለ ይላል። መግዊን በበኩሉ ለጥቁርም ለነጭም በአንድነት እንደሚጫወቱ ቃል ተገብቶላቸው እንደነበርና ደቡብ አፍሪካዊቷ ድምፃዊት ሚሪያም ማኬባም ሄዶ በዓይኑ እንዲያይ እንደመከረችው አስረድቷል።

የሂልማን ቁጣ ይገባኛል። በጉዞ ቀን ድምፃዊ ማጣት ቀላል አይደለም፤ በፓርሰንስ ቦታ ጊታር ይዞ የሄደው የባንዱን ዕቃ የሚያሰናዳው ሠራተኛ ነው። ፓርሰንስ ያንን ክረምት ከሪቻርድስ ጋር ማሳለፉም እውነት ነው። ሆኖም ወዳጅን መውደድና የወዳጅን ቃል ሰምቶ መቅረት አይጣሉም። ጥቁርና ነጭ ተለያይተው ይኖሩባት በነበረችው ዌይክሮስ ላደገ ልጅ በቀለም የተለየ ወንበር ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ ሪቻርድስ የነገረው ያ ወንበር ደቡብ አፍሪካም ውስጥ እንደሚጠብቀው ነው።

ያ ወንበርም ጠበቃቸው። የተገባው ቃል ታጥፎ አዳራሾቹ በዘር ተለይተው ቆዩ። መግዊን ለጋዜጠኞች አፓርታይድን ሲያወግዝ የግድያ ዛቻ ደረሰበት፤ ጉዞው በሕመምና በኪሳራ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አጭር ነው። «ስዊትኸርት ኦቭ ዘ ሮዲዮ» የተሰኘው የካንትሪ አልበማቸው በኦገስት 1968 ወጣ፤ ገበያው ግን ቀዘቀዘ። ሂልማንም በዚያው ዓመት ለቀቀ። መግዊን አዳዲስ ሰዎች እየቀጠረ ስሙን እስከ 1973 ድረስ አቆየ። ፓርሰንስ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በ26 ዓመቱ አረፈ። የፓርሰንስ ምክንያት እውነተኛ እንደነበር እኔን የሚያሳምነኝ ከዚህ ሁሉ አንዱ ነው፦ ሂልማን ከለቀቀ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ባንድ የመሠረተው ከዚያው ትቶት ከቀረው ከፓርሰንስ ጋር ነው።

መግዊንን ሄደህ እይ ያለችው ማኬባ ፓስፖርቷን በ1960 ተነጥቃ እናቷን እንኳ መቅበር ያልቻለች፣ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነች ሴት ናት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ ጋር የባህል ልውውጥ እንዲያቋርጡ የጠየቀው በዲሴምበር 1968፣ ፓርሰንስ ሳይሳፈር ከቀረ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ዛሬም ድምፃውያን ከሩቅ አገር የኮንሰርት ጥሪ ሲደርሳቸው ክፍያውንና ቲኬቱን ይጠይቃሉ። በዚያ አዳራሽ በር ላይ ማን ይመለሳል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ጥያቄው የተነሣው በጉዞው ማለዳ ቢሆንም አልረፈደም።