ፍትሕ

«ፈትሐ» በግእዝ ፈታ፣ ከእስራት ለቀቀ፣ ፈረደም ማለት ነው፤ ለሙታን የሚደረሰው ፍትሐትም፣ የሕግ መጽሐፋችን ፍትሐ ነገሥትም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ግስ ነውና፣ እንደ ቃሉ ጠባይ ከሆነ የዳኛ ተቀዳሚ ሥልጣን ያለአግባብ የታሰረውን መፍታት ነው።

ይህን ሥልጣን የተነጠቀ ችሎት ምን እንደሚመስል የዛሬዋ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ በ1982 እ.ኤ.አ. አይታለች። የከተማውን ሆስፒታል በገዛ ጉልበታቸውና በመዋጮ ለማደስ የተነሡ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች ወጣት ምሁራን፣ የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1970 ባቋቋመውና ይግባኝ በማይባልበት የብሔራዊ ጸጥታ ፍርድ ቤት ፊት ሲቀርቡ፣ ተማሪዎች በየካቲት ወር አደባባይ ወጥተው ቢቃወሙም፣ ያ ችሎት በብዙዎቹ ላይ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እስራት ፈረደ።

ሶማሌላንድ በግንቦት 1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ፣ በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዳኝነትን ነጻነት ደነገገ፤ ዳኞችን የሚቈጣጠር ጉባኤም አቋቋመ። ሁለቱ ድንጋጌዎች አይጋጩም፤ ዳኛው ከሹም ትእዛዝ የሚፈታው ለሕግ ብቻ እንዲታሰር ነውና። ይሁን እንጂ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ሰብሳቢ የሚሾመው ርእሰ ብሔሩ በመሆኑ፣ የ«ፍትሕ» ቃል እውነተኛ መፈተኛ ሹሙ እንዲታሰር የፈለገውን ሰው ዳኛው፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾና ለይግባኝ ክፍት አድርጎ፣ ያለ ፍርሃት መልቀቅ መቻሉ ነው።